ዚፑ ያልተገጠመ ቬሎ

ልጄ ጠበቃ ናት። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ታዲያ ያቺ የተማረች ልጄ ሰርጓ ሁለት ቀን ሲቀረው ቬሎዋን በሚሰፋላት ልብስ ሰፊ ምክንያት ልታብድ ደረሰች። ስትደውልለት አያነሳም። ካነሳም «እየተሠራ ነው፣ አታስቢ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ይዘጋዋል።

«አታስቢ ይለኛል እንዴ!» አለች ሳሎኑን እየዞረች። «እማዬ፣ በፒጃማ ልዳር ነው!»

«ያምርብሻል» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ሳቄ አላስችል አለኝ።

ለነገሩ እሷስ ምኗ ይሻላል? እኔ ስዳር ያነሳኝ ፎቶ አንሺ አለ፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ ዛሬ ልጄ ጋሼ ትለዋለች። አከራዩ ከፎቶ ቤቱ ሊያስወጣው ሲነሳ ወደ እሷ የላክሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ እየደወለ ጉዳዩ ምን እንደደረሰ ይጠይቃታል፤ እሷም «በሂደት ላይ ነው ጋሼ» ትለዋለች፤ አለቀ። ሰሞኑን መደወሉን ሲተው ደግሞ «እፎይ፣ ተገላገልኩ» ብላ እርፍ።

ብቻ ልብስ ሰፊው ጋ እየከነፍን ሄድን። ስንገባ ቬሎው መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። አልቋል!

«መቼ ነው ያለቀው?» አለች ልጄ።

«ኧረ ማክሰኞ ነው» አለ ሰውየው ስፒሉን በከንፈሩ እንደያዘ። «ዚፑ ብቻ ቀርቶት ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ ምን ብዬ ልደውል?»

ለበሰችው። ልክክ አለባት፣ እኔም እንባዬ መጣ፤ የእሷ አፍ ግን መች ሊዘጋ! «አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ስንት ሌሊት ጣራ ጣራ ሳይ አደርኩ! አልቋል፣ ዚፑ ቀርቷል ለማለት ምን ያቅታል? አንዲት ቃል እኮ ናት! አንዲት…»

እዚህ ላይ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«እማዬ… ማክሰኞ ዳኛው ለጋሼ እግድ ሰጥተውታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም አያስወጣውም።»

«እሰይ! ሲሰማ ምን አለ?»

«አልነገርኩትም። ማህተም ያረፈበት ግልባጭ ይውጣና ብዬ ነበር…»

ልብስ ሰፊው ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን በገንኩ። «ደውዪ! አሁኑኑ!» አልኳት። ደወለች።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አለ ጋሼ አፏን እንኳ ሳያስከፍታት። «ዝም ስትዪ ጊዜ እንደማይሆን ገብቶኛል። ዕቃዬን አውጥቻለሁ፤ አከራዬ ቁልፉን ሊረከበኝ መጥቷል። ሰርግሽ ያማረ ይሁን።» ስልኩን ዘጋው። ደግማ ብትደውል አያነሳም።

ፎቶ ቤቱ ሁለት መታጠፊያ ነው። ቬሎውን ሳታወልቅ በሩን በርግዳ ወጣች! እኔ ከኋላዋ ክፍቱን ጀርባዋን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ልብስ ሰፊው ከኋላዬ «ስፒሉ! ስፒሉ ይወጋታል!» እያለ፣ ሦስታችንም ሩጫ። ትራፊኩ መኪናውን ሁሉ አስቆመልን። አንዱ ባለታክሲ «ሙሽራው በየት በኩል አመለጠ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ እጄን ግን አልለቀቅሁም።

ስንደርስ አከራዩ እጁን ዘርግቷል፣ ቁልፉ ጋሼ እጅ ላይ ነው።

«እንዳይሰጡት ጋሼ!»

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አያት። «ከሰርጓ የምትጠፋ ሙሽራ አይቻለሁ» አለ፤ «ወደ እኔ ስትጠፋ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

እያለከለከች ነገረችው። አከራዩ «ወረቀቱ የታለ?» ቢል «ፍርድ ቤት ሄደው መዝገቡን ይዩ!» ብላ አፉን አስያዘችው፤ እያጉረመረመ ሄደ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ማክሰኞ?» አለ። «የመጀመሪያውን ካርቶን ያሸግሁት እኮ ማክሰኞ ነው።»

ልጄ በዚያ በነጭ ቬሎ አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ዘፍ አለች። ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ! «ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እደውልልዎታለሁ። አዲስ ነገር ባይኖርም እደውላለሁ።»

እሑድ ሰርጉን ያነሳው ጋሼ ነው። ሙሽሮቹን አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ፈገግ በሉ!» ሲል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ተናደደና አነሳው። ለካ ልጄ ናት፤ ስልኳን አበባው ሥር ደብቃ ፊት ለፊቱ ቆማ ትደውልለታለች!

«ጋሼ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ፍርድ ቤት ዝግ ነው። ምንም አዲስ ነገር የለም። እሱን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን ስልኩን ወደ ጆሮው ይበልጥ አስጠጋ።

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለ፣ ካሜራውን አነሳና ተጫነው።

ያቺ ፎቶ ብዥ ብላ ነው የወጣችው፤ በአንድ እጁ ስልኩን እንደያዘ ነው ያነሳት። ልጄ ከሁሉም መርጣ ቢሮዋ የሰቀለችው እሷን ነው።