የካፕን ስም ያጠፋ ሰው

በእኛ በዌልስ ኮረብታ በግ የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች፤ በባትሪ ብርሃን ዓይን ብቻ አይተህ አትተኩስ፣ የአውሬውን ጆሮና ጅራት ሳትለይ ቃታ አትሳብ። በግ አርቢው ጌቲን ይህችን ሕግ ለጎረምሶች ሲያስተምር ሃያ ዓመት ኖሯል። የራሱን ትምህርት ለመርሳት ደግሞ አስተማሪን ማን ይቀድመዋል!

በጎች የሚወልዱበት ወር ነበር። ቀበሮ በአራት ሌሊት ስድስት ግልገል ፈጅቶበታል፤ እሱም አራቱንም ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በአምስተኛው ሌሊት ከቁጥቋጦው አጥር ሥር ተኛና የቆርቆሮ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት አሰማ። ይህን ድምፅ የሰማ ቀበሮ ሆዱ አያስችለውም። ጥቂት ቆይቶ በባትሪው ብርሃን ሁለት ዓይኖች ከማሳው ዳር አበሩ። ቀበሮ ቢሆን እየቆመ፣ እያሸተተ፣ ዙሪያውን እየዞረ ነበር የሚመጣው። እነዚህ ግን እንደ ቤተኛ ቀጥ ብለው መጡ። ጌቲን ይህን ልብ ያለው ከተኮሰ በኋላ ነው።

የወደቀው ካፕ ነበር፤ የጎረቤቱ የኢድዋል ውሻ። አምና የጌቲንን በጎች በረዶ ሲውጣቸው አሽትቶ ያወጣለት ካፕ። ጌቲን ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጌቲን ግን ሲነጋ ዋሸ።

ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ኢድዋል በማለዳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። “ካፕን አላየኸውም ልጄ? ሌሊት ገመዱን በጥሶ ወጥቷል።”

በስህተት ገደልኩት ቢል አገሩ ሁሉ “ጌቲን ዓይን አይቶ ተኮሰ” ብሎ መሳቂያ ያደርገዋል፤ ጠመንጃውንም ይቀሙታል። በግ ሲያሳድድ የተገኘን ውሻ የገደለን ሰው ግን ማንም አይወቅሰውም።

“አጎት ኢድዋል... በጎቼን ሲያሳድድ አገኘሁት። ምን ላድርግ፣ ተኮስኩ።”

“ካፕ?”

“ካፕ።”

“የኛው ካፕ? ለዶሮ እንኳ መንገድ የሚለቀው?”

ጌቲን ቀበሮው የገደለውን አንድ ግልገል በጣቱ አሳየው።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። “ይቅር በለኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።”

“ይቅር ብያለሁ” አለ ጌቲን። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን በቆረጠው!

በእኛ ዘንድ ውሻ ብቻውን በግ አያሳድድም ይባላል። አንዱ ከተያዘ አብሮት የሚያድረውም ለምዷል ተብሎ ይገደላል። ለኢድዋል የቀረችለት አንዲት ውሻ የካፕ እህት ኔል ናት። ጌቲን ይህ ትዝ ያለው እኩለ ቀን ላይ፣ እናቱ የሞተችበትን ግልገል በጡጦ ሲያጠባ ነው። ጡጦውን ጥሎ ዳገቱን በሩጫ ወጣው።

ኢድዋል ከበረቱ ግንብ ሥር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ኔል አጠገቡ ታስራለች።

“እንኳን መጣህ። ሁለት ጊዜ አነሳሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ አትስትም፤ አታሠቃያትም። አብልቻታለሁ።”

ጠመንጃውን ዘረጋለት። ኔል ጌቲንን ስታውቀው ጅራቷን እየቆላች እጁን ላሰችው።

“እሷ አልነበረችም፣ አጎት ኢድዋል። ይተዋት።”

“ጨለማ ነበር። ሁሉን አይተሃል?”

“ምንም አላየሁም!” ጌቲን ጮኸ። “ዓይን ብቻ ነው ያየሁት! በጥንቸል ድምፅ የጠራሁት እኔ፣ ሳልለይ የገደልኩት እኔ። ካፕ በግ አልነካም። ስለተጠራ ነው የመጣው።”

ኢድዋል ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ኔልን ፈታት።

“መግደልህንስ ተወው” አለ። “ጨለማ ነው፣ ደክሞሃል፣ እጅ ይሳሳታል። ግን ጠዋት ባርኔጣዬን አውልቄ ይቅር በለኝ ስልህ፣ ይቅር አልከኝ።”