ጓ እንደ ጓዳ

«እዚህ ላይ የፈረምሽው ምን ይላል?»

የወጥ ቤቱ አለቃ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ ጠየቃት። እሷ ማንበብ ገና አትችልም። የለየችው ከታች የታተመውን የራሷን አውራ ጣት ብቻ ነው። የመጣችው እጇን አሳይታ የእጅ መሸፈኛ ልትጠይቅ ነበር።

በፋብሪካው ምግብ ቤት ጠዋት ጠዋት አንድ ሳጥን ቃሪያ እየሰነጠቀች ፍሬውን በጣቷ ታወጣለች። ምሳ ሳይደርስ እጇ ፍም የጨበጠ ይመስላል፤ በውሃ ስትታጠበው ይብስባታል። በዚያ ሰሞን ቤት ስትገባ ትንሿ ልጇ ሮጣ ተጠመጠመችባት፤ እሷም ረስታ ፊቷን ዳበሰቻት። ልጅቷ ዓይኗን ይዛ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ልጇን የምታቅፈው በክንዷ ነው፤ መዳፎቿን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ ሰቅላ።

«ጣትሽ ያውቀዋል፣ እሱን ጠይቂው» አላት አለቃው፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። የወጥ ቤቱ ሴቶች እሱ በሌለበት «ቃሪያው» ይሉታል።

«ሆድ ይፍጀው በይ» አሏት እትዬ፣ አብረዋት የሚሰነጥቁት ትልቋ ሴት፣ መዳፏን በዘይት እያሹላት።

«እጄን የፈጀኝ አንሶ ሆዴንም ይፍጀው እንዴ፣ እትዬ?»

ከሥራ ስትወጣ የጎልማሶች ትምህርት ትሄዳለች። ሀሁን ጨርሳ እግራቸው ሥር ሰረዝ ካለባቸው ፊደሎች ደርሳለች።

«ይህቺ ጓ ናት» አለች አስተማሪዋ። «ጓ፣ እንደ ጓዳ።»

«ጋ ጫማ ስታደርግ ማለት ነው?» አለች እሷ፤ ክፍሉ ሳቀ።

በወሩ መጨረሻ አለቃው ወረቀቱንና የጣቱን ቀለም ይዞ ዞረ። እትዬ እንደ ልማዳቸው አተሙ። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ ቀረች።

«ጣትሽን አምጪ እንጂ! ፎቶ ነው የምታይው?»

ዓይኗ ያረፈው ጫማ ባደረገችው ጋ ላይ ነው። «ጓ... ን... ት» አለች ጮክ ብላ። ላብ አጠመቃት። «ጓንት... ተረክቤ... ያለሁ።»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«የቱን ጓንት?» አለችው።

«የደንብ ነገር ነው ባክሽ፣ በየወሩ የሚሞላ። ፈርሚና ወደ ሥራሽ!»

«እጄን እየው! ይሄ ጓንት የለበሰ እጅ ነው?»

«ካልፈረምሽ በሩ ያውልሽ።»

«ልጅ አለኝ፣ የትም አልሄድም። ያለ ጓንት ግን አንዲት ቃሪያ አልነካም።» ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን መዥረጥ አድርጋ በተንጋደደ ፊደል «ጓንት አልተረከብኩም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ስሟን።

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ። «ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ላልለበስኩት ጓንት ነው ጣቴን ስሰጥ የኖርኩት?»

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ አሁን...»

«ዝም በል አንተ!» ሽርጣቸውን ፈትተው ሳጥኑ ላይ ወረወሩት። «ቃሪያ ቃሪያን ይሰንጥቅ!»

ሴቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ቢላ ያነሣ ግን አልነበረም። ምሳ ዘገየና ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ ወረቀቱን አነበበ። ጓንት በሦስተኛው ቀን መጣ።

አለቃው በቦታው ቀረ። እሷም ቀረች። እትዬ ግን ሽርጣቸውን በወረወሩ ቀን ሄዱ፤ አልተመለሱም።