ስምንተኛዋ ቅድመ አያት

አባታችን ሲሞት እኔንና እህቴን ኦዲልያን ያሳደጉን ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ዮስት ናቸው። ኦዲልያ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የመኳንንት ሴቶች ብቻ ወደሚኖሩበት ገዳም ሊያስገቧት ቆረጡ። እዚያ ለመግባት ስምንቱም ቅድመ አያቶች ጨዋ ዘር መሆን አለባቸው። የስምንቱ የቤተሰብ አርማ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ ሁለት ባላባቶችም እውነት ነው ብለው ይምሉበታል።

ሰባቱ ሳያስቸግሩ ተገኙ። ስምንተኛዋ ግን ኤንገል ነበረች፣ የዞስት ከተማ ሥጋ ሻጭ ልጅ።

አጎቴ ሩፐርቲ የሚባል ዘር ቆጣሪ ከሙንስተር ከተማ አስመጡ። ሰውዬው መቃብር ለመቃብር ሲዞር ከረመና አንድ ቀን ምሳ ላይ ፊቱ በርቶ መጣ።

"ጌታዬ፣ በኤንገል ፋንታ የምትገባ ወይዘሮ አገኘሁ! ሶፊያ ፎን ድሮስተንበርግ። ዘሯ ስለጠፋ የሚከራከረን የለም።"

"ባሏ ማን ነበር?" አለች ኦዲልያ።

"ኧረ እሷስ ሳታገባ በልጅነቷ ነው የሞተችው።"

"በልጅነቷ ሞታ አያታችንን ወለደችው? ጉድ እኮ ነው!"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አጎቴ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

"ዝም በይ! የሥጋ ሻጭ አርማ ምን ተብሎ ሊሣል ነው? ቋሊማ?"

"ይሣላ! ምን ነውር አለው?" አለች ኦዲልያ። "አጎቴ፣ ኤንገል ለእርስዎ እኮ የገዛ አያትዎ ናት። በድሮው ጦርነት ወታደሮች ይህን ቤት ሲያቃጥሉ ባሏ ጫካ ገባ። ልጆቿን በአባቷ ጋሪ፣ በእርጥብ ቆዳ ሥር ሸሽጋ ከተማ ያደረሰች ማን ናት? ተመልሳ ይህን ጣራ ያቆመችስ?"

"አላውቅም አልኩሽ? አውቃለሁ! ግን እዚያ አይነገርም።"

በመሐላው ቀን የገዳሙ አዳራሽ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ ስምንተኛው ቦታ ላይ የሶፊያ አርማ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል። ሁለቱ ባላባቶች ለመማል እጃቸውን ሲያነሡ ኦዲልያ ብድግ አለች።

"እመምኔት፣ እነዚህ ሰዎች በእኔ ምክንያት በሐሰት አይማሉ። ስምንተኛዋ ኤንገል ትባላለች። አባቷ ዞስት ውስጥ ሥጋ ይሸጥ ነበር።"

የአጎቴ ፊት አመድ መሰለ። እመምኔቷ ግን አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ዝም ብትዪ እኮ ዛሬውኑ ከእኛ አንዷ ነበርሽ።"

"እሷን ክጄ የምገባበት ቤት ይቅርብኝ። ወይ ከእነስሟ አስገቡኝ፣ ወይ ከእነስሟ መልሱኝ።"

መለሷት።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ሠረገላው ውስጥ ፊታቸውን ከኦዲልያ አዞሩ። የዞስት መገንጠያ ላይ ስንደርስ "ሁለተኛ ቤቴን እንዳትረግጪ!" አሉ። ኦዲልያ አልለመነችም። በሩን ከፍታ ጭቃው ላይ ወረደች። አጎቴ እጄን ያዙኝ። እጄን አስለቅቄ ተከተልኳት፤ ዞር ብዬም አላየሁም።

የኤንገል ዘመዶች ዛሬም ሥጋ ሻጮች ናቸው። ማን እንደሆንን ስንነግራቸው ተያይተው ሳቁ፤ ከዚያም አብረናቸው እንድንሠራ በሱቃቸው ቦታ ለቀቁልን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጎቴ እዚያው ሱቅ ድረስ መጡ። ልጃቸውም በዚያው በኤንገል ስም የተነሣ መኳንንቱ ሸንጎ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር።

"ለመኳንንቱ፣ 'ያን ቀን ታምሜ ነበር፣ ትኩሳት አስቀባጥሮኝ ነው' በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም" አሏት። ድምፃቸው ልመና ነበረበት።

ኦዲልያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "አጎቴ፣ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም።"

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ልጃቸው ውትድርና ገባ። ኦዲልያ አንድ ቆዳ ፋቂ አግብታ ሴት ልጆች ወለደች፤ ዘራቸውን የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ከኤንገል እንዲጀምሩ፣ ያውም ጮክ ብለው እንዲናገሩ አስተማረቻቸው።