ለስላሳው ጥይት

ሦስተኛዋን ጥይት ስተኩስ ሽጉጤ ነከሰ። ባዶው ቀለሃ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ እንደቆመ ቀረ። ፈታኙ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ወረቀቱ ላይ ጻፈና፣ «አንድ» አለ።

ደንቡ አጭር ነው። ባንክ በር ላይ መሣሪያ ታጥቆ የሚቆም ጥበቃ በዓመት አንዴ ሃምሳ ጥይት ይተኩሳል፤ ሦስቴ ከነከሰበት መሣሪያውን ያስረክባል። መሣሪያ የሌለው ጥበቃ ደግሞ እኛ ዘንድ ሥራ የለውም። እኔ ያንን በር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄአለሁ።

ዘንድሮ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ድኗል፤ ግን ሽጉጡ ተተኩሶ ወደ ኋላ በረገጠ ቁጥር ሕመሙ እስከ ክርኔ ይዘልቃል። ይህን ከዋርሳዬ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የመሣሪያ ክፍላችን ጠጋኝ ነው። ሰው ሲወድ ልክ የለውም፤ ውሃ ብትለምኑት ጉድጓድ ይቆፍርላችኋል። ከሦስት ወር በፊት ባሩዱ የተቀነሰ፣ ርግጫው የለዘበ ጥይት በድብቅ አመጣልኝ። አለቃ እንዳይሰማ ፈርተን ተኩስ ሜዳ ወስደን አልሞከርነውም። የሽጉጤን ካዝና በእሱ ሞልቼ ባንኩ በር ላይ ቆምኩ።

«ሁለት» አለ ፈታኙ። ዘጠነኛዋ ላይ ነበር። «አጥብቀው አልያዙትም፣ እማማ። የላላ እጅ ሽጉጥ ያስነክሳል።»

እማማ ማለቱ አናደደኝ፤ እውነቱን ይሆናል ብዬ ማሰቤ ደግሞ ከዚያ ባሰ። እጄ ነው፣ አለቀልኝ፣ አልኩ በሆዴ። ስለ ጥይቱ ብናገር ዋርሳዬን ከእንጀራው አፈናቅለዋለሁ። ዝም ብል የምባረረው እኔ ነኝ። ሽጉጡን መልሼ አነሳሁ።

«ቆዪ! እንዳትተኩሺ!»

ዋርሳዬ ከተኩስ ሜዳው ጎን ካለው መጠገኛ ክፍሉ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ እጅሽ አይደለም! እኔ ነኝ!» አለና የጥይቱን ነገር ፈታኙ ፊት ዘረገፈው።

ፈታኙ አላመነም። «እጁ የማይላላ ሰው ይሞክረው፤ ግንዱን ጥሩልኝ» አለ። ግንዱ የምንለው በሩን ሲዘጋ በሩ ራሱ የሚፈራውን ግዙፍ ባልደረባችንን ነው። ሽጉጤን መዳፉ ውስጥ ቀበረው። አምስተኛዋ ላይ ነከሰበት። ግንዱ የሰደበውን ሰው እንደሚያይ ሽጉጡ ላይ አፈጠጠ።

እፎይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እጄ አይደለም!

«ታዲያ ጥይቱ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ነው የሚነክሰው?» አለ ፈታኙ።

ዋርሳዬ አንገቱን ደፋ። «ጥይቱን የሰጠኋት ቀን የሽጉጡን ሞላ፣ ውስጡ ያለውን ጥቅልል ሽቦ፣ በጠንካራ ቀየርኩላት። ርግጫው ይበልጥ ይቀንስላት ብዬ። ለስላሳ ጥይት ደግሞ ጠንካራ ሞላ ገፍቶ ቀለሃውን የሚያወጣበት ጉልበት የለውም። ተኩሱ ሲቆራረጥ ሰምቼ ነው ትዝ ያለኝ።»

አሮጌውን ሞላ ከኪሱ አወጣ። እሱ ደህና ነገር አይጥልም። ሽጉጡን ፈትቶ ቦታው መለሰው። ፈታኙ የደንቡን መጽሐፍ ገልጦ አነበበ። «ጥይቱ ይተኮስ ይላል እንጂ እንዴት ይርገጥ አይልም። ከአንድ ይጀምሩ። አንተ ግን ሳትሞክር መሣሪያ በመስጠትህ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሃል።»

ሃምሳውን ተኮስኩ። ሃምሳ ቀለሃ እግሬ ሥር ተንጣጣ፤ አንድም አልነከሰ፣ ክርኔም አላመመኝም። ፈታኙ ሲፈርም ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ሌላው ነገር ገባኝና አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሰው ተማምኖብኝ ሲገባና ሲወጣ፣ ወገቤ ላይ የነበረው ሦስት ጥይት ተኩሶ የሚነክስ ሽጉጥ ነበር። ተመስገን፣ ማንም ዘራፊ አልመጣም። ተመስገን፣ የነከሰው እዚህ ነው።

ዋርሳዬ አጠገቤ ተቀምጦ አፍንጫውን ጠረገ።

«ስማ» አልኩት፣ «ከእንግዲህ ደግነትህ አንድ በአንድ ይምጣ። እሱንም ከመስጠትህ በፊት ተኩሰህ እየው።»

«እሺ፣ እትዬ።» ሽጉጤን አየት አደረገ። «ቆይ ግን፣ እጀታውን በጎማ ባለብስልሽስ?»

ተሰብሮ በነበረው እጄ አፉን ያዝኩት። ምንም አላመመኝም።