የጅግራዋ ኅዳግ

ጠራዡ ደምመላሽ በዕድሜው ከተሳሳታቸው ነገሮች ሁሉ እንደ ጅግራዋ ያሳፈረው የለም፤ ይህንንም አይሸሽግም። የሠዓሊ እጅ ያረፈበትን ሥዕል ሕፃን የሞነጫጨረው ብላሽ መስሎት ነበር።

ነገሩ በዘጠና ሁለት ሰኔ ነው። እትዬ ሰብለ ወንጌል የአባታቸውን የአእዋፍ ሥዕል መጽሐፍ እንዲጠርዝላቸው ራጉኤል አጠገብ ወዳለችው ሱቁ አመጡ። ቢፈታታው ጅግራዋ ሁለት ሆና ተገኘች፤ አንደኛዋ ጽዱ፣ ሌላዋ ኅዳጓ በእርሳስ ጽሑፍ የተወረረ። ጽዱዋን አስቀረና ሌላዋን ከቁርጥራጭ ወረቀት ጋር ለበርበሬ በረንዳዋ ነጋዴ ለዘሀራ መቋጠሪያ ሸጣት።

እትዬ ሰብለ ወንጌል ሥራውን ሊያዩ መጥተው ገጾቹን ገለጡ። "ሁለተኛዋ ጅግራስ?"

"ብላሿን አስወግጄልዎታለሁ።"

ወይዘሮዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን፣ አሉት፣ ሥዕል ድንጋይ ላይ ተሥሎ ከዚያ በጥቁር ብቻ ይታተማል፤ ቀለሙን በየቅጂው የሚቀቡት ሠራተኞች ናቸው። ሠዓሊው አንዷን በገዛ እጁ ቀብቶ፣ "እግሯ ይቅላ፣ ደረቷ ይፍዘዝ" ብሎ በኅዳጓ ጽፎ ይሰጣቸዋል፤ ሌሎቹ የሚቀቡት እርሷን እያዩ ነው።

"ልጅቱን አስቀርተህ እናቲቱን ሸጥሃታ፣ ደምመላሽ!"

ደምመላሽ የሰኔውን ዝናብ ሳይፈራ ወደ በርበሬ በረንዳ ሄደ። በየደጁ የጦርነቱ ዜና ያለበት ጋዜጣ በርበሬ ተቋጥሮበት ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ይመረምር ጀመር። ቅመም ነጋዴዋ ዘሀራ ሚዛኗ ኋላ ተቀምጣለች።

"ዘሀራ፣ በሞቴ፣ ጅግራ ያለባት ወረቀት..."

"ጋሼ ደምመላሽ! ጥረዛውን ትተው አደን ጀመሩ እንዴ?"

"አትቀልጂ፤ ቋጠርሽባት?"

"ምን ቆርጦኝ! በእጅ በተጻፈ ወረቀት በርበሬ አልቋጥርም። የሰው ውል ይሁን የአላህ ቃል፣ እኔ የማላነበውን በምን አውቃለሁ? እናቴ ያስለመደችኝ ነው።" እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ከመደርደሪያው ሥዕሉን አወረደችለት። "ደግሞ እግሯን ይዩት፤ በርበሬዬን ረግጣ የወጣች አትመስልም?"

ደምመላሽ ሳቀ፤ ሳቁ እንባ ቀላቀለበት። እርሱ የናቀው ሙንጭርጭር ነበር ጅግራዋን ያተረፋት።

በማግስቱ፣ ከእርሳሱ አንዲት ጭረት ሳይፍቅ፣ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አስገብቶ ሰፋት።