በሚካኤል ቀን የተነሳ ፎቶ

ፎቶው ጥሩ ነበር። እጩው አቶ በላቸው እጅጌውን ሰብስቦ እርፍ ጨብጧል፤ ከፊቱ ሁለት ቀያይ በሬዎች፣ ከኋላው የኩታበር ተራራ። ያነሳችው የምርጫ ቅስቀሳውን የያዘችለት ሊዲ ናት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ማተሚያ ቤቷ አንድ ሺህ ፖስተር አትማ በየቀበሌው አስለጠፈች። በሦስተኛው ቀን ኩታበር ላይ ሳይቀደድ የቀረ አንድም አልነበረም።

«ተቀናቃኞቻችን ናቸው!» አለ በላቸው።

ሊዲ ግን ሄዳ ማየት መረጠች። የበሬዎቹን ባለቤት ጥበቡን ማሳው ላይ ብቻውን ሲያርስ አገኘችው።

«አባባ ጥበቡ፣ ፖስተሩን ማን ቀደደው?»

«ማን ያልቀደደ አለ? ያን ቀን እኮ ሚካኤል ነበር! ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ እኔ በሬ ጠምጄ፣ የናንተ ሰውዬ እርፍ ይዞ።»

ሊዲ ያደገችው በጴንጤ ቤት ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሥራ የቀረ ሰው ቤታቸው ውስጥ አይታ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩሽ እንጂ። ‹ዛሬ በሬ አይጠመድም› ብልሽ፣ ‹ፀሐይዋ ሳትሸሽ ቶሎ በሉ› አልሽኝ። እንግዳ እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ጠመድኩ። ይኸው ከወንፈሉ አስወጡኝ። ትናንት ተራዬ ነበር፤ አንድም ጥማድ አልመጣልኝም።»

ማለቱን አስታወሰች።

በላቸው ይህን ሲሰማ መፍትሔው ወዲያው መጣለት። «ነጠላ ለብሼ ደጀ ሰላሙን ስስም አንሺኝ።»

«እሱንም ይቀድዱታል።»

«ኩታበር ከሄደ ወንበሩ ሄደ፣ ሊዲ። ፓርቲው ከአዲስ አበባ ባለሙያ ልላክ ሲል ‹ሥራውን ለእሷ ተዉት› ያልኩት እኔ ነኝ። ከተሸነፍን ለአንቺም የመጨረሻሽ ነው።»

«አውቃለሁ። የእውነት ማረስ ይችላሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው! እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ያረስኩ ሰው!»

«እንግዲያው ሰኞ ይረሱ። በዓል አይደለም፤ መሪጌታ ገብረ ማርያምን ጠይቄአለሁ።»

ሰኞ ጠዋት በላቸው የጥበቡ ማሳ ድንበር ላይ ቆሞ፣ ለማየት ለተሰበሰበው ጎረቤት አጭር ነገር ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጥበቡ እንግዳ አክብሮ ነው የጠመደው።» ከዚያ እርፉን ያዘ።

«ቢሮ የለመደ ወገብ፤ ሦስት ትልም አይደርስም!» አለ አምባዬ የሚባለው ጎረቤት።

ሦስተኛው አለፈ፤ አሥረኛውም አለፈ። ትልሙ መጀመሪያ ጠመመ፣ ኋላ እየቀና መጣ። ረፋድ ላይ አምባዬ ራሱ በሬዎቹን እየነዳ ደረሰ።

«ለአንተ ብዬ አይደለም» አለው በላቸውን። «ለጥበቡ ነው።»

እኩለ ቀን ሳይሆን አራት ጥማድ ማሳው ላይ ነበር። ጥበቡ ከአንዱ ጥማድ ወደ ሌላው ይመላለስ ጀመር።

ሊዲ ዛፍ ሥር ባዶ እጇን ተቀምጣለች። በላቸው በአጠገቧ ሲያልፍ ላቡን ጠረገ።

«ካሜራሽስ?»

«ደሴ ትቼዋለሁ።»

«ይሄ ሁሉ ላብ በከንቱ?»

በአገጯ ወደ ድንበሩ አመለከተችው። አሥራ አምስት የሚሆኑ የመንደሩ ወጣቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ። አንዱማ ለሚያየው ሁሉ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር።

በላቸው ወገቡን አቀና፤ ኮሌታውን አስተካከለ።

«ወደዚያ አይመልከቱ» አለችው ሊዲ። «ዝም ብለው ይረሱ።»