ማግኔት የፈታው ክርክር

ቨርሊን ስታውፈር አሮጌ መኪና ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ ነው የሚሄደው። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች። ላሜራው ላይ ከተጣበቀች መኪናው ጤነኛ ነው፤ ከወደቀች ከቀለሙ ሥር የተጎዳ ቦታ የተደፈነበት ስቱኮ አለ ማለት ነው፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት የአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ይቺን ማግኔት ማውጣት ነውር የለውም፤ ሻጩም ልቡ ተንጠልጥሎ ቆሞ ያያል።

የዚያን ቅዳሜ ግን ልቡ የተንጠለጠለው ቨርሊን ነበር። ከመኪና ትርኢቱ ሜዳ ጫፍ፣ ከሎሚ ጭማቂ ሻጯ አጠገብ፣ ሰማያዊ ፖንቲያክ ካታሊና ቆማለች። እሱና ሚስቱ አርሊን በወጣትነታቸው የነዷትን፣ መንታዎቹ ሲወለዱ እያለቀሱ የሸጧትን መኪና ቁርጥ ትመስላለች። ሰማያዊ ካታሊና ግን ሞልቷል። የነሱዋን የሚለየው አንድ ምልክት ብቻ ነው፦ በእጮኝነታቸው ጊዜ ከአርሊን አባት ግቢ በር ላይ ከቆመው የፖስታ ሳጥን ብረት ጋር ተጋጭታ፣ የአርሊን ወንድም በስቱኮ የደፈነው ቦታ።

ማን ገጨው? እዚህ ላይ አርባ ዓመት ተከራክረዋል። እንደ ቨርሊን፣ አርሊን ወደ ግቢው ስትገባ በፊት ፓራፋንጎ ገጨች። እንደ አርሊን፣ እሱ የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ፣ በኋላ ጎን ገጨ። ቨርሊን የራሱን ወሬ ለልጆቹም፣ ለጎረቤቱም፣ ለፓስተሩም ሳይቀር አዳርሷል።

"ነይ እይ፣ አሁን ይለይልናል" አላት አጠገቡ የቆመችውን አርሊንን፤ ማግኔቷንም የፊት ፓራፋንጎው ላይ አኖራት። ጥብቅ አለች። ዝቅ አደረጋት፣ ከፍ አደረጋት፣ በሌላው ጎንም ሞከራት። ንቅንቅ የለም።

የሻጩ የድዋይት ፊት በራ። "አላልኩህም? ንጹሕ ላሜራ!"

"ንጹሕ ነው" አለ ቨርሊን፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። "የኛ አይደለችም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ወዲህ በላት እስቲ" አለች አርሊን። ማግኔቷን ነጥቃው ወደ ኋላ ሄደች፤ ከቀኙ መብራት አጠገብ አስጠጋቻትና ለቀቀቻት።

ጠብ አለች።

ድዋይት አንገቱን ደፋ። "እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም ነበር። ዋጋ እቀንሳለሁ።"

ቨርሊን አልሰማውም። ሣሩ ላይ የወደቀችውን ማግኔት ያያል። መኪናዋ የኔ ናት ካለ ጥፋቱም የሱ ነው፤ ጥፋቱን ካልወሰደ መኪናዋ የሌላ ሰው ናት። አርሊን እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ልትረዳው አላሰበችም።

"እሺ" አለ በመጨረሻ።

"እሺ ምን?"

"እኔ ነኝ የገጨሁት!" ብሎ ሲጮህ ሎሚ ጭማቂ ሻጯ ዞር አለች። "በኋላ ማርሽ! እሷን እያየሁ!" ከዚያ ሣቁ አመለጠው፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ደስ ብሎታል፣ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። "ድዋይት፣ ሳንቲም እንዳትቀንስ። ያንን ስቱኮ ደግሞ ማንም አይነካብኝም።"

"ለፓስተሩ አንተው ትነግረዋለህ" አለች አርሊን፣ ቁልፉን ከድዋይት እጅ እየተቀበለች። "ወደ ቤት የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ ጎኔ ተቀመጥና እንደልብህ እየኝ።"